መዳፍ ላይ የምታርፍ መስቀል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ አስፋልቱን ለቆ ወደ ቋሪት ወይም ወደ ወንበርማ ገጠር የሚታጠፍ ሾፌር ክረምት ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ቀዩ አፈር ውሃ ሲጠግብ ይላቁጣል። በቆሎና በርበሬ የጫኑ መኪኖች ሁለት ቦይ ይቆፍሩበታል፤ በቦዮቹ መካከል የቀረው ጉብታ ደግሞ ዝቅ ያለውን መኪና ሆዱን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ብዙ ባለ ላንድክሩዘር መኪናውን ከፍ ያስደርጋል። ባሌስትራው ላይ አንድ ሁለት ብረት ይጨመራል፤ ወይም በባሌስትራውና በአክሰሉ መካከል ወፍራም የብረት ድጋፍ ይገባል።

መኪናው ከፍ ይላል፤ ድንጋዩንም ሳይነካ ያልፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አስፋልት ላይ ፍጥነቱ 60 ሲደርስ ወለሉ መርገብገብ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚከሰሰው ጎማ ነው። ጎማው ባላንስ ይደረጋል፤ መርገብገቡ ግን አይጠፋም። ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ያለው መዳፍ ላይ የምታርፍ የብረት መስቀል ዘንድ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ክሮቸራ ትባላለች።

ስሟ ጣሊያንኛ ነው። እንደ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ ሁሉ ከጣሊያኖች ወደ መካኒኮቻችን አፍ የገባ ቃል ነው። ሐሳቡ ከመኪና በብዙ ይቀድማል። በ16ኛው መቶ ዓመት ከኖረው ጣሊያናዊ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል፤ በ17ኛው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ አሠራሩን መረመረው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ለመኪና የሚስማማውን ዓይነት የፈጠራ መብት አወጣበት።

ሥራዋን ለመረዳት ከመኪናው ሥር ጎንበስ ማለት ይበቃል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚሄደው ረጅም ቱቦ ፕሮፔለር ሻፍት ነው። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው፤ ዲፍረንሻሉ ግን ከጎማዎቹ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ቆሞ ሌላው ሲዘል ኃይሉ ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ በሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ክሮቸራዎች ይቀመጣሉ። የእያንዳንዷ አራት ክንዶች በትንንሽ ቆቦች ውስጥ ያርፋሉ፤ በቆቦቹ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ የኩሽኔታ ብረቶች ተደርድረዋል።

ክሮቸራ አንድ የተፈጥሮ ጠባይ አላት። ሻፍቱ ቀጥ ብሎ ሲዞር የተቀበለችውን ዙር እንዳለ ታስተላልፋለች። ሻፍቱ ሲያዘነብል ግን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ትፈጥናለች፣ ሁለት ጊዜ ትዘገያለች። ማዘንበሉ 10 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ዝንባሌው እጥፍ ሲሆን መንገጫገጩ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁለተኛዋ ክሮቸራ ናት። በሁለቱም ጫፍ ያለው ዝንባሌ እኩል ከሆነና ክሮቸራዎቹን የያዙት የሻፍቱ ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር ከገጠሙ፣ ፊተኛዋ ያዛባችውን ኋለኛዋ ታስተካክለዋለች።

መኪና ከፍ ሲል የሚፈርሰው ይህ ስምምነት ነው። ሻፍቱ ቁልቁል ያዘነብላል፤ አክሰሉም በባሌስትራው ላይ ትንሽ ከዞረ የሁለቱ ጫፎች ዝንባሌ ይለያያል። የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር፣ የዲፍረንሻሉ ማርሽ 4.1 ነው እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው በደቂቃ 400 ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ 1,640 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር ሁለት ምት አለው፤ በሴኮንድ ወደ 55 ምት ማለት ነው። ወንበር ላይ እንደ ንብ ድምፅ የሚሰማው ይህ ነው። የጎማ ጉድለት ግን ዘገም ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መሪው ላይ ይታወቃል።

ፍተሻው ከእጅ ይጀምራል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፋሉ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል። ከዚያ ሻፍቱን ይዞ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ክሮቸራዋ ቀጭ ቀጭ ካለች ላሽቃለች። በቆቦቿ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ መርፌዎቹ ግሪስ አጥተው ደርቀዋል። ጤነኛ ከሆነች ዝንባሌው ይለካል፤ ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫን ማዕዘን መለኪያ ለዚህ ይበቃል። መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ፣ የዘወትር ጭነቱን እንደያዘ፣ ሦስት ቦታ ይለካል፤ የካምቢዮው መውጫ፣ ሻፍቱ፣ የዲፍረንሻሉ መግቢያ። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው።

ከበለጠ ሽብልቅ ያስፈልጋል። አናጢ እንጨት የሚያጠብቅበትን ሽብልቅ የመሰለ፣ አንድ ጎኑ የሳሳ ብረት በባሌስትራውና በአክሰሉ መቀመጫ መካከል ገብቶ ዲፍረንሻሉን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ያዞረዋል። ሻፍቱ አጥሮ ከተሰካበት ጥርስ ሊወጣ ከቀረበ ቶርኖ ቤት ይረዝማል፤ ግን በብየዳ ብቻ አያበቃም፤ ሹካዎቹ በአንድ መስመር መዋላቸው ይታያል፣ ባላንሱም ይስተካከላል። ብልህ መካኒክ ሻፍቱን ከመፍታቱ በፊት በኖራ ወይም በመሮ ምልክት የሚያደርገው ስለዚህ ነው።

መንቀጥቀጡ ብቻውን አይኖርም፤ ከተጨመረው ከፍታ ጋር ጎረቤቶቹን ይበላል። የባሌስትራ ጎሚኒ ይቀደዳል፤ የመሪ ቴስቲኒ ይላሽቃል፤ ያጠረ ሾክ አብዞርበር ጫፉ ድረስ ተስቦ ይነቀላል። አዲስ ጎሚኒ ሲገባ ቡሎኑ የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ አክሰሉ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያቅፉት ጥምዝ ቡሎኖችም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ።

ከሁሉ በላይ ፍሬን አለ። አክሰሉ ሲወርድ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ከተወጠረ አንድ ጉድጓድ ሊበጥሰው ይችላል። አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ የኋላ ፍሬኑን በጭነቱ ልክ የሚመጥን ዘንግ ያለው መቆጣጠሪያ አለ፤ መኪናው ከፍ ሲል መቆጣጠሪያው «ባዶ ነው» ብሎ ይረዳዋል፣ የኋላ ፍሬኑንም ያሳንሳል። ዘንጉ ሳይስተካከል የተነዳ መኪና ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ በቂ ፍሬን ላያገኝ ይችላል።

እነዚህ መኪኖች ከወረዳው ሕመምተኛ፣ ከቀበሌው ክትባት፣ ከገበያተኛው እህል ጋር የሚጓዙ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ጭቃውን ለመሻገር የሚበቃ ከፍታ እንጂ ለዓይን የሚያምር ቁመት አይደለም። ከፍ የሚያደርግ ሰው የጨመረውን ሳንቲ ሜትር በክሮቸራዋ ዝንባሌ ላይም ይለካው። ከዚያም ግሪሱን በአራቱም ቆቦች አዲሱ እስኪወጣ ይሙላ። ሌሊት በዝናብ ወላድ ይዞ ከገጠር ሲመለስ፣ የሚደርሰው መስቀሏ ስትዞርለት ነው።