የልጁ መክሰስና የቡናው ሰዓት

ዓመት ያለፈው ልጅ ታቅፋ የምትመጣ የከሚሴ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን ላብላው?» ብላ ነው። እኔ ደግሞ ትናንት ከንጋት እስከ ማታ የበላውን ቅደም ተከተሉን ሳታዛባ እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። የምሰማው ከቤት ቤት ብዙም አይለይም። ጠዋት ቂጣ በሻይ ወይም የማሽላ ገንፎ፣ ምሳ ላይ ከትልልቆቹ ትሪ በሽሮ የራሰ እንጀራ፣ ማታም ያው። በመሃል ያለው ረጅም ሰዓት በጡት፣ በሻይና ከሱቅ በመጣ ብስኩት ይታለፋል። «ብስኩቱን ሲያይ ዝም ይላል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ዝም ይላል።

የዚህ ዕድሜ ልጅ ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 9 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከአንድ የውሃ ብርጭቆ እምብዛም የማይበልጥ ይበላል ማለት ነው። ጡት እየጠባም ቢሆን ከ12 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ በቀን 550 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከምግብ ማግኘት አለበት። ይህን ሁሉ በሁለትና በሦስት ገበታ ልሙላው ቢባል ቦታ የለውም። ገንፎው ቀጥኖ በውሃ ከተሞላማ የባሰ ነው፤ ሆዱ ይነፋል፣ ኪሎው ባለበት ይቆማል። ሦስት ዋና ምግብና በመሃሉ አንድ ወይም ሁለት መክሰስ የሚባለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 41 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገሪቱ ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃውን ያህል የሚመገቡት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ።

መክሰስን በሰዓት ልክ ማዘዝ ግን ብዙም አላዋጣኝም። «አራት ሰዓት ላይ ስጪው» ያልኳት እናት አራት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ናት፤ የጅሌ ጥሙጋዋ እሑድ ከሆነ ሰንበቴ ገበያ፣ የባቲዋ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ከገበያው ግርግር ውስጥ ናት። በዚህ አገር በየቤቱ የማይዘለል አንድ ነገር ቢኖር ቡና ነው። እናት ብትታመም እንኳ ጎረቤት መጥታ ታፈላለች። ስለዚህ አሁን የምመክረው የልጁ መክሰስ ከጀበናው ጋር እንዲታሰር ነው። ቡና ሲጣድ የልጁም ሳህን ይቅረብ። የጠዋቱ ቡና አንድ፣ የአሥር ሰዓቱ ሌላ። ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ማን ያስታውሳታል የሚለው ጭንቀትም ይቀራል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋልና።

ደግሞስ የቡና ቁርስ የሚባለው ምንድን ነው? ንፍሮ፣ ቂጣ፣ ቆሎ። ከቆሎው በስተቀር ሌላው ለልጁም ይሆናል። ቆሎ፣ ለውዝና ጠንካራ ፍሬ ሁሉ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ለዚህ ዕድሜ ካልተፈጨ አይሰጥም። ንፍሮው ግን በደንብ ከበሰለና በሹካ ከተደቆሰ ከየትኛውም የሱቅ ብስኩት ይበልጣል። አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ሌላ ቀን ከአስፋልቱ ዳር የምትሸጥ ፓፓያ፣ የማንጎ ወቅት ሲሆን ማንጎ። ወተት በቤቱ ካለ ይፈላ። በበጋ ከብት አርቢዎች፣ አፋሩም ኦሮሞውም፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲገቡ ብዙ ሰው ጥሬ ወተት ይመርጣል፤ ብሩሴላና የከብት ሳንባ ነቀርሳ የሚመጡት ግን በዚያው በጥሬው ነው።

ከሻይ ጋር ያለኝ ጠብ ከአያቶች ጋር ያጣላኛል። ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት እንዳይወስደው ያግዳል፤ የሚበላው በአብዛኛው ማሽላና ጤፍ የሆነ ልጅ ደግሞ ብረቱን የሚያገኘው ከዚያው ነው። አንዲት አያት ይህን ስነግራቸው ሳቅ ብለው «አብሽር ልጄ፣ እኛስ በሻይ አይደል ያደግነው?» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ሻዩ ከምግቡ ጋር ከሚሰጥ ይልቅ ቲማቲም ወይም ፓፓያ እንዲቀርብለት፣ ጠብታ ሎሚም ወጡ ላይ እንዲጨመር ለመንኳቸው። «ሎሚስ አለ» አሉ። ይህን ያህል ካገኘሁ ይበቃኛል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ማሾ የዚህ አካባቢ እህል ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፣ ዋጋም ያወጣል፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ያገበያየዋል፤ ስለዚህ ከአውድማ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ነጋዴ መጋዘን፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ያመረተው ሰው ልጅ ብቻውን የተገነፋ ማሽላ ይበላል። ማሽላ የሚጎድለው የፕሮቲን ክፍል ላይሲን ነው፤ ጥራጥሬ ደግሞ በእርሱ የታወቀ ነው። ሦስት እጅ ማሽላ ከአንድ እጅ ማሾ ጋር ተፈጭቶ ሲገነፋ ምግቡ ሌላ ይሆናል። ማሾ አድሮ ከተነከረና አንድ ሁለት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለ ይበቅላል፤ የበቀለው ብረቱና ዚንኩ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ደርቆ ታምሶ ከተፈጨ ደግሞ ገንፎው ይለሰልሳል። ለልጁ በቀን 30 ግራም ቢባል በዓመት 11 ኪሎ አይሞላም። የማሾው ሽያጭ የአባት ጉዳይ ስለሆነ ይህን ሒሳብ የምነግረው ለአባቶች ነው። «ከኩንታሉ አሥራ አንድ ኪሎ አስቀር» ስለው በገንዘብ አስልቶ ፊቱን የሚያጨማድድ አለ። የብስኩቱን የዓመት ወጪ አብረን ስናሰላ ግን ክርክሩ ያጥራል።

ዕቅዱን ከቡና ጋር ማሰሬ አንድ ችግር አለው፤ ረመዳን። ቡናው ወደ ሌሊት ይዞራል፣ የልጁም መክሰስ ተከትሎት ይጠፋል። ቀን እሳት አይነድም፣ እናት ተዳክማለች፣ ለልጁ የሱሁር ትራፊ እስከ ቀትር ተከድኖ ይቆያል። በከሚሴ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ አላምነውም፤ በዚያ ወር ተቅማጥ ይዟቸው የሚመጡ ልጆችን አይቻለሁና። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት አፍጥራ በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት እንደምትችል የፊቅህ ሊቃውንት የተናገሩት ነው፤ ዝርዝሩን ሸኾቿን ትጠይቅ። የልጁን ግን ለእኔ ትተወው።

በዚያ ወር በጀበናው ፈንታ አዛኑን እንጠቀማለን። የዙሁር አዛን ሲባል ምሳው፣ የአስር አዛን ሲባል መክሰሱ። ብዙ እሳት የማይፈልግ ይሁን፤ በሶ በፈላ ወተት የተበጠበጠ፣ ሙዝ፣ በዚያው ሰዓት የተቀቀለ እንቁላል፣ ፍሬው ወጥቶ በወተት የራሰ ተምር። ማታ ለማፍጠሪያ የሚሠራው ሾርባ ቀድሞ የሚጣድ ስለሆነ በርበሬውና ጨው ሳይገባ አንድ ጭልፋ ለልጁ ይቀነስለት። የሳምቡሳው ምስርም ቃሪያ ሳይነካው እንዲሁ፤ ሊጡና ዘይቱ ለእርሱ ይቅሩበት። መግሪብን ጠብቆ ከቤተሰቡ ጋር ይብላ የሚሉ አሉ፤ በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ ሕፃናት እንቅልፍ ወስዷቸዋል።