የሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች መንገድ፤ ከዋሂል ሲታይ

የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል በአራት ክላስተር የተደራጀ ነው፦ አሰሊሶ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና ዋሂል። ስለ ፕሮፌሽናል ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሕይወት የሚያወራ ጽሑፍ ከዋሂል ሲነሳ ግር የሚለው አንባቢ ይኖራል። ዋሂል ሲባል ቶሎ የሚታየን ማሽላ፣ ፍየል፣ የውኃ ጀሪካንና ወደ ድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ሸክም ነው። እኔ ግን ሆን ብዬ ነው ከዚያ የምነሳው። የዚህን ሙያ ታሪክ ቀረብ ብሎ ላየ፣ ታላላቆቹን ተጫዋቾች ካፈሩት ቦታዎች መካከል ብዙዎቹ ማሳ ዳር ያሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ጨዋታው በአማርኛ ስሙን ያገኘው ከቅርጫት ነው፤ ስያሜውም ትክክል ነው። በታኅሣሥ 1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር መምህር የነበረው ጄምስ ናይስሚዝ ለክረምት የሚሆን የቤት ውስጥ ጨዋታ ሲፈልግ፣ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ፎቅ አጥር ላይ ሰቀለ። አጥሩ ከወለሉ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይል ነበር። ያ ከፍታ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ስፌት የሴቶች ጥበብ ነውና፣ ቅርጫት የሰጠውን ጨዋታ የዚህ አገር ሴት እንደ ባዕድ የምታይበት ምክንያት አይታየኝም።

ሴቶቹ ጨዋታውን ለመጀመር አልዘገዩም። በዓመቱ ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች መምህርት በዚያው በማሳቹሴትስ በሚገኘው ስሚዝ ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረችው። ነገር ግን ሜዳውን በሦስት ከፈለችው፤ ተጫዋቿ ከክልሏ መውጣት አትችልም፣ ኳስ ከሌላዋ እጅ መንጠቅም ክልክል ሆነ። የሴት አካል ብዙ ሩጫ አይችልም የሚለው የዘመኑ እምነት ነበር ሕጉን የጻፈው። በ1896 የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ተጋጥመው ስታንፎርድ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። የሴቷ ተጫዋች ታሪክ ከዚህ ጀምሮ ያው ነው፤ ችሎታዋ አለ፣ ሌላ ሰው ያሰመረው መስመር ግን ያቆማታል።

በአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት በአዮዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለዋሂል የምትናገረው ከሁሉ ይልቅ እርሷ ናትና። አዮዋ የበቆሎና የአሳማ እርባታ አገር ናት። በ1925 የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር የሴቶችን ውድድር ለመተው ሲነሳ፣ የትንንሽ የገጠር ከተሞች ትምህርት ቤቶች እምቢ ብለው የራሳቸውን የልጃገረዶች ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ የአርሶ አደር ልጆች ስድስት ለስድስት እየሆኑ ተጫወቱ፤ ሦስቱ አጥቂ፣ ሦስቱ ተከላካይ፣ ማንም የመሐል መስመሩን አያልፍም፣ ኳስ ማንጠር ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ጨዋታው ሲኖር መንደሩ በሙሉ አዳራሽ ይገባል። ዊተን ከምትባል ትንሽ መንደር የወጣችው ዴኒስ ሎንግ በክፍለ ግዛቱ ሻምፒዮና በአንድ ጨዋታ 111 ነጥብ አስቆጠረች፤ በ1969ም የሳን ፍራንሲስኮ ዋሪየርስ የወንዶች ክለብ መረጣት። የወንዶቹ ሊግ ኃላፊ ግን ምርጫውን ሰረዘው። የስድስት ለስድስቱ ሕግ ያበቃው በ1993 ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት ኬትሊን ክላርክ ከዚያው ከአዮዋ መውጣቷን እኔ በዕድል አልወስደውም። መሬቱ ለሰባ ዓመት ሲታረስ ኖሯል።

የሉሺያ ሃሪስም መነሻ እርሻ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወልዳ፣ ዴልታ ስቴት ለተባለ ትንሽ ኮሌጅ ከ1975 እስከ 1977 ሦስት ተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫ አስገኘች። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት በ1976 የሞንትሪያል ውድድር፣ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቆጠረችው እርሷ ናት። ወንዶቹ የገቡት በ1936 ነበር፤ አርባ ዓመት ቀድመው። በ1977 የኒው ኦርሊንስ ጃዝ የወንዶች ክለብ መረጣት፣ እርሷ ግን አልሄደችም። በጊዜው ለሴት የሚሆን ሊግ ስላልነበረ የዓለም ምርጥ የሆነችበት ሥራ እንጀራ ሊሆናት አልቻለም፤ በ1978 የተጀመረው ሊግም ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ።

ሴቷ ተጫዋች ደመወዝተኛ የሆነችበት ታሪክ እንግዲህ አጭር ነው። የአሜሪካው የሴቶች ሊግ፣ ደብሊውኤንቢኤ፣ በ1996 ተመሥርቶ በ1997 በስምንት ክለብ ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት 12 ክለቦች ሆነው በቆዩበት ጊዜ እያንዳንዱ ቢበዛ 12 ተጫዋች ይይዝ ስለነበር፣ በዓለም ትልቁ ሊግ ውስጥ የነበረው የሥራ ቦታ ከ144 አይበልጥም ነበር። ክፍያውም እንደ ዝናው አልነበረም። ዳያና ቶራሲ በሩሲያ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በአገሯ ግን ወደ 107 ሺህ ስለምታገኝ፣ የ2015ን የአሜሪካ ውድድር እንድታርፍበት የሩሲያው ክለብ ከፍሏት ተቀመጠች። አብዛኞቹ ግን ዕረፍት አልነበራቸውም፤ በጋውን አሜሪካ፣ ክረምቱን ሩሲያ፣ ቱርክ ወይም ቻይና ይጫወቱ ነበር። ብሪያና ስቱዋርት በ2019 የአውሮፓ ክለቦች ፍጻሜ ላይ የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ። ብሪትኒ ግራይነር በየካቲት 2022 ወደ ሩሲያ ክለቧ ስትመለስ ሞስኮ ላይ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ ታሰረች። ክሱ ሌላ ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት እዚያ ያደረሳት የደመወዝ ልዩነት ነው።

ለውጥ ያመጣው የተጫዋቾቹ ማኅበር ነው። በ2020 የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ከፍተኛውን ደመወዝ ወደ 215 ሺህ ዶላር አሳደገ፤ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ተጫዋች ሙሉ ደመወዟን እንድታገኝ አደረገ። ቀድሞ የምታገኘው ግማሹን ነበር። ይህን አንቀጽ ከዋንጫዎቹ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ልጅ መውለድ ማለት ከሥራ ዳር መቆም ነበርና። ትግሉ በዚያ አላቆመም። ኬትሊን ክላርክ በ2024 አንደኛ ተመራጭ ሆና ስትገባ የዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት የተጫወተችበትን የኮሌጆች ፍጻሜ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፣ ከወንዶቹ ፍጻሜም ይበልጣል። በሐምሌ 2025 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተጫዋቾቹ «ያለባችሁን ክፈሉን» የሚል ካናቴራ ለብሰው ሜዳ ገቡ። ስቱዋርትና ነፊሳ ኮሊየርም በዚሁ ዓመት የክረምቱ ስደት እንዲቀር ሦስት ለሦስት የሚጫወቱበት አንራይቫልድ የተባለ ሊግ ማያሚ ላይ ጀምረዋል።

ስለ አካሉ ደግሞ ባጭሩ። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ በሴቶች ላይ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ይደርሳል፤ ተገቢ የሆነ የዝላይና የአስተራረፍ ልምምድ ግን አደጋውን በጣም ይቀንሳል። ሱ በርድ እስከ 41 ዓመቷ፣ ቶራሲም ለ20 የውድድር ዘመን መጫወታቸው የተለየ ነገር ነው። ለብዙዎቹ ሙያው ከሠላሳዎቹ አጋማሽ አያልፍም፤ ስለዚህ ትምህርቷን ያልጣለች ተጫዋች ኋላ ላይ አሠልጣኝ፣ መምህርት ወይም ሌላ ለመሆን መነሻ አላት።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። ከኪንሻሳ የተነሳችው ምዋዲ ማቢካ በ1996 ለዛየር በአትላንታ ኦሊምፒክ ተጫውታ፣ በዓመቱ ከደብሊውኤንቢኤ የመጀመሪያ ተጫዋቾች አንዷ ሆነች፤ ከሎስ አንጀለስ ስፓርክስ ጋር በ2001 እና በ2002 ዋንጫ አነሳች። ናይጄሪያ ከ2017 እስከ 2025 የአፍሪካን ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደች፤ በፓሪስ 2024ም አውስትራሊያንና ካናዳን አሸንፋ፣ በወንድም በሴትም ለኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ የበቃች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድን ሆነች። ቡድኑን ያሠለጠነችው ሬና ዋካማም ሴት ናት። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2025 አቢጃን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ ሦስተኛ ወጣች። ከእኛ የምትበልጥበት ሀብት የላትም፤ የተበተኑ ልጆቿን ከያሉበት ሰብስባለች።

የዋሂል ልጅ ግን ከደመወዝ በፊት የሚያጋጥማት ሌላ ጥያቄ አለ፤ አለባበስ። የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነውና ቤተሰቧ ቀድሞ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። መልሱ የሚገኘው ጨዋታው በተወለደበት በስፕሪንግፊልድ ነው። ቢልቂስ አብዱልቃድር የዚያች ከተማ ልጅ ናት፤ በማሳቹሴትስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ከወንድም ከሴትም ይበልጥ አስቆጥራለች፣ በኮሌጅ ደረጃም ሂጃብ ለብሳ ተጫውታለች። ፕሮፌሽናል ልትሆን ስትል ግን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግ የራስ መሸፈኛን ስለሚከለክል በሩ ተዘጋባት። ሂጃቧን አላወለቀችም፣ ተከራከረች እንጂ። ፊባ ሕጉን የቀየረው በ2017 ነው፤ ለእርሷ ዘግይቷል። ዛሬ የዓለም አቀፍ ውድድር ሕግ ሂጃብን ይፈቅዳል። ፈረንሳይ በአገር ውስጥ ውድድሯ እስካሁን በመከልከሏ ዲያባ ኮናቴን የመሰለች ተጫዋች በአገሯ ሜዳ መጫወት አልቻለችም። የሶማሊያ ሴቶች በበኩላቸው በ2011 የግድያ ዛቻ እየደረሳቸው ልምምዳቸውን ቀጥለው ዶሃ ላይ በመላው ዓረብ ጨዋታዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ልበሺ፣ ሌላው አውልቂ ይላል፤ ሁለቱም ግን ከሜዳ ያርቋታል።

በአገራችን ጨዋታው አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ የፊባ አባል የሆነችው በ1949 ነው፤ በ1962 ካይሮ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ የወንዶች ሻምፒዮና ከተሳተፉት አምስት አገሮች አንዷ ነበረች። ናይስሚዝ ያስተምርበት የነበረው ማኅበር በእኛ አገር ወወክማ ተብሎ የብዙ የከተማ ወጣት መሰባሰቢያ ነበር፤ ደርግ ሲወርሰው ጨዋታው አንድ ትልቅ ቤቱን አጣ። ዛሬ በሁለቱም ጾታ ፕሪሚየር ሊግ አለ፤ የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚም ታዳጊዎችን ያሠለጥናል። ክለቦቹ ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በመንግሥትና በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታጠፈው የሴቶቹ ቡድን ይሆናል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታገኝ፣ የገጠር ልጅ የዓለም ቁንጮ መሆን እንደምትችል ለሁላችንም ታይቷል። ሩጫ መንገድ ብቻ ይበቃዋል፤ መንገዱ ደግሞ በየደጃፉ አለ። ቅርጫት ኳስ ግን ሰው የሚተክለው ቀለበት ይፈልጋል። በከተማ ትምህርት ቤት ግቢ ዝገት የበላው ቢሆንም ቀለበት አይጠፋም፤ በገጠር ቀበሌ ግን ብርቅ ነው። ቀለበቱ ቢኖርም ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ፍየል ሰብስባ የምትመጣ ልጅ ለልምምድ የሚተርፋት ሰዓት ትንሽ ነው። ስለዚህ በዋሂል የውኃ ቧንቧ ሲቀርብ ያ የስፖርት ሥራም ጭምር ነው ብዬ በሙሉ ልብ እጽፋለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ቦታ የሚመች የጨዋታ ዓይነት ደግሞ ተገኝቷል። ሦስት ለሦስት የሚባለው ቅርጫት ኳስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 ገብቷል። የሚፈልገው 15 በ11 ሜትር ሜዳና አንድ ቀለበት ነው። በቡድኑ አራት ልጆች ይበቃሉ፤ ሦስት ይሰለፋሉ፣ አንዷ ተቀያሪ ናት። ጨዋታው 10 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ቡድንም ያሸንፋል። ከቀለበትና ከሲሚንቶ ሌላ የሚያስፈልገው በመጠን ቁጥር 6 የሆነ ኳስ ነው፤ ከመደበኛው የወንዶች ቁጥር 7 በመጠን ትንሽ ያንሳል፣ ለታዳጊ እጅም ይመቻል። አንዲት የስፖርት መምህርት ስትጨመር ቡድኑ ሙሉ ይሆናል፤ በተለይ ሴት መምህርት ብትሆን ወላጅ ልቡ ቶሎ ያርፋል።

የድሬዳዋ ወጣቶችና ስፖርት ኃላፊዎች፣ በውጭ ያላችሁ የድሬ ልጆችም፤ ቀጣዩን በጀትና ቀጣዩን መዋጮ ስትወጥኑ በአራቱ ክላስተሮች ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንድ አንድ ሜዳ ይግባ። ከዋሂል ይጀመር፤ ሜዳው ለልጃገረዶች የተለየ ሰዓት ይኑረው፤ ቀለበቱም ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይተከል።