ሰማይ ኬላ አለውን?

መጽሐፍ በድንበር ኬላ ሊያዝ ይችላል። ከሳተላይት የሚወርደው የቴሌቪዥን ሥርጭት ግን ኬላ ሳያውቅ በየሰው ጣራ ላይ ያርፋል። ታዲያ ተቀባዩ አገር ሥርጭቱን ካልወደደው ሊያግደው ይችላልን?

የአውሮፓ ማኅበር አገሮች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ሥርጭቱን የመቆጣጠር ኃላፊነት የላኪው አገር ነው፤ ተቀባዩ ሁለተኛ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ማገድ የተፈቀደለት ሥርጭቱ ሕፃናትን በብርቱ የሚጎዳ ወይም በዘርና በሃይማኖት ጥላቻን የሚያነሣሣ ሲሆን ነበር፤ ያውም ጥፋቱ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 2 ጊዜ ከተደጋገመ። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተናወጠም።

ሮጅ ቲቪ የተባለው የኩርዶች ጣቢያ ይህን ሕግ ፈተነው። ጣቢያው የሚሠራው በዴንማርክ ፈቃድ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2008 «የሕዝቦችን መግባባት ይፃረራል» በሚል ምክንያት ከለከለችው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ጀርመን በገዛ ምድሯ የጣቢያውን የፕሮግራም ዝግጅትና ሥርጭቱን በአደባባይ ማሳየትን ልትከለክል ትችላለች፤ ከዴንማርክ የሚመጣውን ሥርጭት ራሱን ግን ልታግድ አትችልም። በቤቱ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው አይነካም ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋት ቢኖር ያለ ዳኛ ይቀራልን? አይቀርም። በ2012 ጣቢያውን ሽብርን በማስፋፋት ጥፋተኛ ያለው የኮፐንሃገን ፍርድ ቤት፣ ማለት የላኪው አገር ዳኛ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ዳኝነትን ሳይሆን ዳኛ ማብዛትን ነው። ዛሬ ኅብረቱ 27 አባላት አሉት፤ ሁሉም በየደጁ ቢፈርድ ኖሮ አንድ ጣቢያ 27 መንግሥታትን ማስደሰት ባስፈለገው ነበር።