«ተቀባይነት ያለው» የተባለው ሪያል

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የሱዳን ፓውንድ የመግዛት አቅም እንዴት እንደወረደ በገዳሪፍ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። በዚሁ ምድር ከ130 ዓመታት በፊትም ገንዘብ እንዲሁ ረክሶ ነበር።

በጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱም በማህዲው መሐመድ አሕመድ ሠራዊት ተያዘች። ተከታዮቹን አባቶቻችን «ድርቡሽ» ይሏቸዋል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ነው። ማህዲው ካርቱምን በያዘበት ዓመት የወርቅና የብር ገንዘብ አስቀረጸ። የብሩ ሪያል 20 ቂርሽ ሲሆን፣ መልኩ የተወሰደው ሕዝቡ ከለመደው ከቱርኩ መጂዲ ነበር።

ማህዲው በሰኔ 1877 ዓ.ም. ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ተተካ። እርሱም ኦምዱርማን ላይ በሂጅራ 1304 ባስቀረጸው ሪያል ላይ «መቅቡል» የሚል ቃል አኖረበት፤ «ተቀባይነት ያለው» ማለት ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ወጪ አበዛ፣ ንግዱም ተዳከመ። ስለዚህ በብሩ ውስጥ መዳብ መጨመር ተጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለ8 ሪያል የሚበቃ ብር ከእኩል መዳብ ጋር ቢቀልጥ 16 ሪያል ይወጣዋል። መዳቡ እየበዛ ሄዶ በመጨረሻ ብር የተቀባ መዳብ ሆነ።

ነጋዴዎች ይህን ሲያዩ ጥሩውን ገንዘብ ደበቁ፣ በመጥፎው ሲሸጡ ደግሞ ዋጋ ጨመሩ። አልቀበልም ያለ ይቀጣ ነበር፤ ዋጋው ግን በቅጣት አልወረደም። በአንጻሩ የእኛ ሰዎች ጠገራ ብር የሚሉት ማርትሬዛ እንደተከበረ ቆየ። ክብደቱ 28 ግራም፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ፣ ብሩ ሳይቀነስበት ይቀረጽ ነበር። «ተቀበሉኝ» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ አላስፈለገውምም።

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን፣ በመስከረም 1891 ዓ.ም. ደግሞ ገዳሪፍ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ተያዙ። በ13 ዓመት ዕድሜው የድርቡሾች ገንዘብም ከመንግሥቱ ጋር አለፈ።

እኛም በየዓመቱ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት እንሰጣለን። «ትንሽ ማርክ ጨምሩለት» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባናል፤ ልጁ ነገ በማያውቁት ሰዎች ፊት ይዞት የሚቀርበው ይህንኑ ወረቀት ነው። እምቢ የምንለውም ለዚሁ ነው። ያልተማረውን ማርክ የጨመርንለት ልጅ፣ መዳብ በዝቶበት «መቅቡል» የተባለውን ሪያል ይዞ ገበያ ይወጣል።