ከመኪናው ወለል በታች የሚሰማ ድምፅ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በሜዳው ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሐረጎ ጠመዝማዛ ይወርዳል። ትናንት በገጠር ጭቃ ሲደክም የዋለ ጂፕ ዛሬ ከቧንቧ ውሃ ተነሥቶ ይህን አስፋልት ሲወርድ፥ ነጂው ከእግሩ በታች ያልለመደውን ድምፅ የሰማ እንደ ሆነ ወዲያው «ትራንስፈሩ አለቀ» ይላል።

ትራንስፈር የሚባለው ከካምቢዮው በስተኋላ ተያይዞ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ዲፍረንሻል የሚያካፍለው ሳጥን ነው። ዕቃው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ሳይመረመር የተለወጠ እንደ ሆነ ባለመኪናው ገንዘቡን ከማጥፋቱም በላይ ድምፁ ከአዲሱ ሳጥን ጋር አብሮት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድምፁ ምን ዓይነት ነው ሳይሆን መቼ ይሰማል ነው።

አራቱም ጎማ ተያይዞ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፥ ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በጭቃና በኮረት ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል፤ በአስፋልት ላይ ግን ይህ ስለማይሆን ኃይሉ በዘንጎቹና በጥርሶቹ ውስጥ ይታመቃል። መሪው ይከብዳል፥ መለወጫው አልላቀቅ ይላል፥ በመጨረሻም ብረት በብረት የተመታ ያህል ይጮኻል። መድኃኒቱ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ በሁለት ጎማ ወደ መንዳት መመለስ ነው። እንዲሁ እየተነዳ የዘለቀ ግን እውነተኛ ስብራት ያመጣል። (በፊትና በኋላ መካከል ሦስተኛ ዲፍረንሻል ያላቸው መኪናዎች፥ እርሱ እስካልተቆለፈ ድረስ፥ ይህ አያገኛቸውም።) ከፊት አዲስ፥ ከኋላ ያለቀ ጎማ ያሰረ መኪናም አራቱ ሲያያዙ በቀጥታ መንገድ ሳይቀር ይኸው ይደርስበታል፤ የጎማ ነጋዴዎች ለደንበኛቸው ቢነግሩት የሚጎዱበት ነገር የለም።

ሲነሣና ነዳጅ ሲለቀቅ «ቋ» የሚል ከሆነ፥ መኪናውን በድንጋይ አስደግፎ ማርሹን በዜሮ አድርጎ፥ ዘንጉን በእጅ ግራና ቀኝ ማዞር ይበቃል። ክሮቼራው ላልቶ ከተገኘ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ዋጋውም ከትራንስፈሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በሁለትም በአራትም ጎማ ሳይለይ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚያለቅስ ድምፅ ወደ ኩሽኔታ ያመለክታል። በከባዱ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ጥቂት ልቅሶ የጥርሶቹ ተፈጥሮ ነው። አራቱ ተያይዘው ዳገት ሲወጣ የሚንኳኳና የሚዘል ከሆነ ደግሞ፥ ሰንሰለት ባለው ሳጥን ውስጥ ሰንሰለቱ ረዝሟል ማለት ነው። ሁሉም ሳጥን ግን ሰንሰለት የለውም፤ ኃይሉን ጥርስ በጥርስ ብቻ የሚያስተላልፈው ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የዘይት ነገር ነው። በአንዳንድ የላንድ ክሩዘር ዓይነቶች በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ዘይት የሚያግደው ጎማ ሲያልቅ፥ የካምቢዮው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ትራንስፈሩ ይፈስሳል። በውጭ አንዲት ጠብታ አትታይም። ትራንስፈሩን ብቻ የከፈተ ሜካኒክ ዘይቱን ሞልቶ ተርፎ ስለሚያገኘው ደህና ነው ብሎ ይዘጋዋል፤ ካምቢዮው ግን በደረቁ እየተፋጨ ይጮኻል። ስለዚህ የሁለቱም ዘይት በአንድ ጊዜ መለካት አለበት። ዘይቱ ሲቀዳ በመዝጊያው ማግኔት ላይ የተለጠፈው ብረት እንደ አመድ የደቀቀ ከሆነ አያስፈራም፤ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ከሆነ መኪናው መቆም ይገባዋል።

የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ ሙሉ ሳጥን ከመደርደሩ በፊት ክሮቼራ፥ ኩሽኔታና የዘይት ማገጃ ጎማ በመደርደሪያው ላይ ቢያኖር ገዢ አያጣም። ገዢውም ወደ ሱቅ ሲላክ «የትራንስፈር ኩሽኔታ» ብቻ ብሎ ከመሄድ፥ የሻንሲውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ፥ የተበላሸውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ፤ በአንድ ስም የሚጠራ መኪና በተለያዩ ዓመታት የተለያየ ሳጥን ተገጥሞለት ወጥቷልና።