የመጀመሪያው ዝናብ የዶማ ነው

የካቲት ተጋምሶ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሁለት ቀን ካካፋ ስልኬ አያርፍም። «ዘነበልን እኮ፣ ምን እንትከል?» ይሉኛል። በከተማ ግብርና ሥራ ላይ የዋለ ባለሙያ ሁሉ ይህን ሰሞን ያውቀዋል። ችግኝ ሻጩ መንገድ ዳር ይደረድራል፣ ገዢው በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል፣ በማግስቱ ጓሮው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሳምንት ሳይሞላ ዝናቡ ይጠፋል፣ ፀሐይዋ ትከራለች፣ ችግኙም ይጠወልጋል። የበልግ ዝናብ ዐመሉ ነው፤ መጣሁ ብሎ ይቀራል፣ ቀረ ሲባል በረዶ ይዞ ይመጣል። እንደ ክረምቱ የሚታመኑት አይደለም።

እኔ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አትትከሉ፣ ቆፍሩ።

ከጥቅምት ወዲህ ፀሐይ የደበደበው የጓሮ አፈር፣ በተለይ መረሬው፣ ተሰነጣጥቆ ዶማ አይገባውም። ያቺ የመጀመሪያ ዝናብ ጥቅሟ ይህን ማለስለሷ ነው። ግን እርጥብ ሳለም አይነካም። ከመሬት አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ እፍኝ አፈር ያዙና ጨብጡት። ተድቦልቡሎ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ካብረቀረቀና እጅ ላይ ከተለጠፈ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ። ጭቃውን የቆፈረ ሰው የሚያገኘው ጓል ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው፤ የካሮት ሥር አይደለም መቆፈሪያም አይበግረውም።

መደቡ ወጥቶ ኮምፖስቱ ከተደባለቀ በኋላ ደግሞ ባዶውን ተዉት። ብዙ ሰው የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። «ያን ያህል ደክሜ ባዶ መሬት ልይ?» አዎ። በዐሥር፣ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው የአረም ዘር ተጠራርቶ ይበቅላል። ያኔ ከላይ ከላዩ ብቻ ጫር ጫር አድርጎ ፀሐይ ላይ መጣል ነው። ጠልቃችሁ ከቆፈራችሁ ሌላ የአረም ዘር ታወጣላችሁ። ይህን ያደረገ ሰው ካሮቱንና ቀይ ሥሩን ሲያርም ከጎረቤቱ በብዙ ይቀልለዋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጡረተኛ ግቢ ስገባ ጥቅል ጎመን እስከ አጥሩ ድረስ ተተክሎ አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣልዎታል?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ሁለት ቀን ከመጣም ተመስገን ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ በምን ያጠጡታል?»

በከዘራቸው ወደ ሰማይ አመለከቱኝ። ሣቅን። ነገሩ ግን ያስቃል እንጂ ሒሳቡ አይወጣም። ዝናብ በሌለበት ቀን አንድ ካሬ ሜትር መደብ 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ካሬ ሜትር አጠጥቶ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ በበልግ የመደቡን ስፋት የሚወስነው የግቢው ስፋት ሳይሆን በእጃችሁ ያለው ውሃ ነው። ከላዩ ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙበት ውሃው ይበረክታል። ውሃ የጠማው ጎመን ደግሞ ክሽክሽ ቶሎ ይሰፍርበታል።

ወደ መትከሉ ስንመጣ፣ ካሮትን በችግኝ ማዛወር አይሆንም፤ ሥሩ ይቆለመማል፣ ይከፈላል። ያልበሰለ ፍግም እንዲሁ ያደርገዋል። ቦታው ላይ ይዘራል፣ እስኪበቅል ሁለት ሦስት ሳምንት አፈሩ መድረቅ የለበትም። ቆስጣ ቀላል ነው። ዘሯ አንድ ትምሰል እንጂ ፍሬዎች የተጣበቁባት በመሆኗ ሁለትም ሦስትም ሆና ትበቅላለችና ማሳሳት ግድ ነው፤ የተነቀለው ለወጥ ይሆናል። ቲማቲምን ግን በዚህ ብርድና በሚመጣው ክረምት ባልሞክረው እመርጣለሁ። ዝናብ ሲደጋግም ድንችን የሚያጠቁረው በሽታ እሱንም አይምረውም።

የዐቢይ ጾም ነገርም አለ። በየካቲት መጨረሻ ቆስጣ የሚዘራ ሰው ለጾሙ አስቦ ነው፤ ቆስጣው ግን ለመቆረጥ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋልና የሚደርሰው ዶሮ ወጡ ሲሠራ ነው። ለጾም የፈለገ ከጥር ሳያልፍ በቧንቧ ውሃ መጀመር አለበት።

ይህን ሁሉ ለምን እንደክማለን ለሚሉኝ የምጠቅሰው የአቃቂን ወንዝ ነው። በወንዙ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ታጥቦ የሚወጣ ነገር አይደለም። ሁለት ካሬ ሜትር ሰላጣና ቆስጣ በግቢያችሁ ብታለሙ ቢያንስ በምን ውሃ እንደበቀለ ታውቃላችሁ።

መደቡን አዘጋጅታችሁ አረሙን ከጫራችሁ በኋላ ችግኝ ለመግዛት ስትወጡ ረጅሙን አትምረጡ። አራት አምስት ቅጠል ያወጣውን፣ ግንዱ አጠርና ወፈር ያለውን፣ ሥሩ ከነአፈሩ የሆነውን ውሰዱ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ትከሉት፤ ሰማዩ ቢጠቁርም ያን ዕለት አጠጡት።