መሰላሉን ማን ይውጣ?

በቀን መቁጠሪያው ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ነው፤ በማግስቱ መፀው ይገባል። በእኛ ቤት ግን ክረምት የሚያልቀው ባለቤቴ መሰላሉን ከጓሮ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያስደገፈ ዕለት ነው። ዘንድሮ ይህ የሆነው የእንቁጣጣሹ ቄጠማ ከሳሎን ሳይጠረግ ነበር።

አልፈርድበትም። ሐምሌን በሙሉ መኝታ ቤታችን ውስጥ ሳፋ ደቅነን ነው ያደርነው። አልጋውን ሁለት ጊዜ አዛወርነው፤ ጠብታውም አብሮን ተዛወረ። ነሐሴ ላይ ኮርኒሱ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ መሰለ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ባለቤቴ ማታ ማታ ኮርኒሱን እያየ "ብቻ ዝናቡ ይቁምልኝ" ይል ነበር። ዝናቡ ቆመለት።

ባለቤቴ 71 ዓመቱ ነው። ቤቱን ስንሠራ ቆርቆሮውን ከአናጢው ጋር የመታው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ "ሰው እንጥራ" ስለው እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። "የገዛ ቤቴን ጣሪያ ሌላ ሰው ሊያሳየኝ?" አለና ወጣ። እኔ መሰላሉን ከታች ያዝኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያንኳኳ ቆይቶ ድንገት ወረደ። ሬንጁ አልበቃም አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ሚስማሩ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ በረታ። ይህ ሰው የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ምሳ የማይቀርብ ሰው ነው፤ ነገሩ አላማረኝም።

በአራተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ "ሲስተር" አለኝ። ነርስ ሆኜ የኖርኩ ብሆንም ቤት ውስጥ ሲስተር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው፣ አለዚያም ሲፈራ። "እላይ ሆኜ ጎንበስ ብዬ ስቀና ዓይኔ ጨለመብኝ። ቆርቆሮውን ጨብጬ እስኪያልፍ ቆየሁ።" ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። አሁንም ቢሆን መናገሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ተነሥቼ የመድኃኒቱን ከረጢት አመጣሁ።

ጠዋት የደም ግፊት ክኒን ይወስዳል። ማታ ደግሞ ሽንቱ እንዳያስቸግረው ለፕሮስቴት የታዘዘለት አለ። ሁለቱም ለየራሳቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ሰው ከተኛበት ወይም ካጎነበሰበት ቀና ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። በጉልምስና ዘመን የደም ሥሮቻችን ወዲያው ጠበብ ብለው ደሙን ወደ ላይ ይመልሱታል። በእርጅና ይህ ይዘገያል፤ እንዲህ ያሉ ክኒኖች ደግሞ የበለጠ ሊያዘገዩት ይችላሉ። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ፣ ውሃ አለመጠጣትና የጠዋት ፀሐይ ከተጨመሩበት፣ መሬት ላይ ቢሆን ወንበር ይዞ የሚያሳልፈው ማዞር ጣሪያ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል።

የግፊት መለኪያ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህንን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሰውየው አምስት ደቂቃ ያህል ይተኛና ይለካ። ከዚያ አጠገቡ ሰው ቆሞ ይነሣ፤ በአንድ ደቂቃና በሦስት ደቂቃ ላይ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው። የእኛው ተኝቶ 138 ነበር፤ ሲቆም 112 ሆነ። ክኒኑን ግን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ግፊት ሳይታከም መተውም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ሁለቱንም መድኃኒቶች ይዘን ሄድን፤ ሐኪሙ አስተካከለለት። ሁለቱን ክኒኖች ያዘዙት ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ስለነበሩ አንዱ የሌላውን አላየም ነበር።

ይህን ያህል የምፈራው በከንቱ አይደለም። ሥራ ላይ ሳለሁ ክረምት ሲወጣ ከጣሪያና ከመሰላል የወደቁ አባቶች ይመጡልን ነበር። በእድሜ የገፋ ሰው ወድቆ አንድ እግሩ ካጠረና መዳፉ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌው አካባቢ ተሰብሯል ብላችሁ ያዙ። አታስነሡት፣ እንዲራመድ አትሞክሩት፣ ወጌሻ እንዲያሸው አትፍቀዱ። እንደተኛ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። ከእነዚያ አባቶች ብዙዎቹ ከአልጋ ሲውሉ ሳንባቸው ይታመማል፣ ጀርባቸው ይቆስላል። በእግሩ መጥቶ የነበረውን ሰው በዚያው ሸኝተን እናውቃለን።

የጣሪያውን ነገር በመጨረሻ እንዲህ ፈታነው። የጎረቤታችንን ልጅ ጠራነው፤ 24 ዓመቱ ነው፣ ግንባታ ላይ ሠርቷል። ባለቤቴ ግን አልተሻረም። ወንበሩን ግቢው መሐል አድርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ከታች ሆኖ አዘዘ። "ግራ! ከእርሷ በላይ ያለችውን ሚስማር ንቀላት!" ልጁም "እሺ ጋሼ" ይላል። አሥራ አንድ ሚስማር ጎማው በስብሶ ተገኘ። ዋናው ጥፋተኛ ግን አሸንዳው ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደፍኖት ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ በቆርቆሮው ሥር ይገባ ኖሯል። እንዲህ መሆኑን ቀድሞ የጠረጠረው ባለቤቴ ነው። ሲረጋገጥለት የነበረውን ፊት ብታዩት!

መሰላሉንም ያቆመው እርሱ ነው። ወደ ላይ አራት ሜትር ለሚወጣ መሰላል ግርጌው ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ ካነሰ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከበዛ ይንሸራተታል። የክረምት መሬት ገና ለስላሳ ስለሆነ ከሥሩ ጣውላ አደረገበት።

የጣሪያው ነገር አለቀ ስል ደግሞ የመስኮቱ መጣ። ለመስቀል ዳቦ ያጠብኩት ስንዴ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ክረምቱን ያመቁት ፍራሾች ፀሐይ እየመቱ ነው። ባለቤቴ ከዚያው አጠገብ የመስኮቱን አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አረንጓዴው አቧራ ስንዴው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ቅዳሜ የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጃችን ትመጣለች፤ በዚህ ዕድሜዋ እጇ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፏ ነው የምትወስደው።

በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት (ሊድ) ሊኖር ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው መጠን በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የደነገገችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ መስኮት ቀለም ግን 30 ዓመት ሊሆነው ነው። ይህ ብረት የሕፃን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት የማያመጣ የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ሲታይ ምልክት ስለሌለው ልጁ ትምህርት ሲከብደው፣ ሲቆጣ ብቻ ነው የምናየው። አቧራው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

ስለዚህ የሚለጠልጥ ካልሆነ አሮጌው ቀለም ሳይፋቅ ላዩ ላይ ቢቀባ ይሻላል። የግድ የሚፋቅ ከሆነ ውሃ እየረጩ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፎ፣ ልጆችን ከግቢው አርቆ ነው። ፍቅፋቂው በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቀማል። የተሠራበትም ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ስንዴውን ደፋሁት። ቆጭቶኛል፣ ዘንድሮ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

"ልጆቻችንን በዚህ ቀለም ውስጥ አይደል እንዴ ያሳደግናቸው?" አለ ባለቤቴ። አዎ፣ በዚያው ነው ያሳደግናቸው። የምመልስለት አልነበረኝም፤ የውሃውን ባልዲ አቀበልኩት።

የሻጋታውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ፍሳሹ ሳይደፈን ሻጋታ ማጠብ ድካም ነው። ከደፈናችሁ በኋላ በሳሙና አጥባችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ አድርቁት፤ ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ለብቻው ይሁን። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የቀላቀሉ ሰዎች ጋዙ ሳንባቸውን አቃጥሏቸው ሲመጡ አይቻለሁ።

የመስቀል ሰሞን ሌሊት ላይ ዝናብ ጣለ። ሁለታችንም ነቅተናል፣ ሁለታችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን። ባለቤቴ ሳፋውን ሊያመጣ ብድግ ሊል ሲል "ቀስ ብለህ" አልኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አወረደ፣ ትንሽ ቆየና ተነሣ። ኮርኒሱን በባትሪ አየው። ደረቅ ነው።

"ሳፋውን ግን ላምጣው" አለ፤ አመጣውና አልጋው ሥር አስቀመጠው።